ለአየር ጠመንጃ የሚሆን ርካሽ የፍጥነት መለኪያ የቱ ነው? የድሬዎችና የሐረሮች ክርክር

ጥያቄውን በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ያነሳው ድሬዳዋ ላይ ማታ ማታ ኢላማ የሚያስተኩስ ወጣት ነው። በሞላ (በስፕሪንግ) የሚሠሩ ሁለት የአየር ጠመንጃዎች አሉት። ሁለቱም 4.5 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ጥይት ይጎርሳሉ። አንደኛው እየደከመ ሄዷል፤ ጥይቱ ከኢላማው ዝቅ ብሎ ያርፋል። ሌላኛው ሞላው ተቀይሮ ከመጣ ወዲህ ድምፁ ጨምሯል፣ ሲተኮስም ጭስ ብጤ ያወጣል። ደንበኛ ሁሉ የሚሻማው በዚህኛው ላይ ነው። ልጁ የሁለቱን ልዩነት በቁጥር ማወቅ ፈለገ። ክሮኖግራፍ የሚባለውን የጥይት ፍጥነት መለኪያ ሲያፈላልግ ሦስት ዓይነት አገኘ። አንዱ ሰማይ እያየ የሚሠራ ክፍት መለኪያ ነው። ሌላው ጥይት በውስጡ የሚያልፍበት ትንሽ ቱቦ ነው። ሦስተኛው ራዳር ነው። ዋጋቸው በጣም ይራራቃል። ገንዘቡን ሳያባክን የቱን ቢገዛ እንደሚሻለው ጠየቀ።

ውይይቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከታትዬዋለሁ። ጉዳዩ ለኔ ቀላል አይደለም። ኢላማ የሚተኮሰው መንገድ ዳር ነው። ሕፃናት ይከባሉ። ጠመንጃው ምን ያህል ኃይል እንዳለው ግን ብዙ ጊዜ ባለቤቱም አያውቅም። ስለዚህ የተባለውን በየተራው አስቀምጣለሁ፤ የማልስማማበት ሲመጣም እናገራለሁ።

1ኛው ምላሽ ከድሬው ከዚራ ሰፈር ነው። ሰውየው ጠያቂውን በወጉ ሰላም ካለ በኋላ መልስ አልሰጠም፤ መልሶ ጠየቀው። የሚለካው ቀን ይሁን ማታ፣ ደጅ ይሁን ጣሪያ ሥር፣ ጥይቱስ ስንት ግራም እንደሚመዝን እንዲነግረው ፈለገ። በኔ እምነት ትክክለኛው ጅምር ይህ ነበር። የመለኪያው ምርጫ ከዋጋው በፊት በብርሃኑ ይወሰናል።

2ኛው ግን ጥያቄውን ሳይጠብቅ ምርጡን ግዛ ወደሚለው ገባ። ጋርሚን ዜሮ ሲ1 ፕሮ የተባለውን ራዳር አሞገሰ። ኪስ የሚገባ መሣሪያ ነው። ጠመንጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ ጥይቱ በላዩ ማለፍ ስለሌለበት ተመትቶ የመሰበር ሥጋት የለበትም። ፀሐይም ጨለማም አያውከውም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዋጋው ግን ገበያ ላይ ሲወጣ ወደ 600 ዶላር ነበር።

3ኛው ምላሽ በትሕትና ተጀምሮ በቁጣ አለቀ። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ 600 ዶላር ማለት ለኢላማ አስተኳሽ ስንት ምሽት እንደሆነ አስቦ መጻፍ እንደሚገባ ለ2ኛው አስታወሰው። ከዚያ ግን ጠቃሚ ነገር ጨመረ። ራዳር ሁሉ አንድ አይደለም። ላብራዳር የሚባለው ቀደም ያለው ራዳር የሚነሳው በተኩስ ድምፅ ነው። የአየር ጠመንጃ ድምፁ ትንሽ ስለሆነ ተጨማሪ ማይክሮፎን አፈሙዙ አጠገብ ማድረግ ይፈልጋል። የስዊድኑ የአየር ጠመንጃ አምራች ኤፍኤክስ ያወጣው የኪስ ራዳር ደግሞ ለአየር ጠመንጃ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ቁጥሩን ስልክ ላይ ያሳያል፤ ዋጋውም ከጋርሚኑ በብዙ ያንሳል። ቢሆንም ለዚህ ልጅ እሱም ከብዷል ሲል ደመደመ።

4ኛውን ምላሽ የጻፈው ሰው ከድሬው ሳቢያን ሰፈር ሲሆን፣ ካነበብኩት ሁሉ የድሬን ነገር በደንብ ያወቀው እሱ ነው። ክፍቱን መለኪያ ገዝቶ ሠርቶበታል። አሠራሩን እንዲህ አስረዳ። መሣሪያው ወደ ላይ የሚያዩ ሁለት ሴንሰሮች አሉት። ጥይቱ በላያቸው ሲያልፍ ጥላው ይነካቸዋል። የመጀመሪያው ሰዓት ያስነሳል፣ ሁለተኛው ያቆማል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይታወቃል፤ ርቀቱ ለጊዜው ሲካፈል ፍጥነቱ ይወጣል። መርሁ ቀላል ነው። ችግሩ ያለው ጥላው ላይ ነው። የ4.5 ሚሊ ሜትር ጥይት ጥላ በጣም ትንሽ ነው። ሴንሰሩ እንዲያየው ከጀርባው ያለው ሰማይ ብሩህ ግን እኩል መሆን አለበት። ስስ ደመና ያለበት ቀን ተስማሚ ነው።

ድሬ ላይ ደመና ስንት ቀን ይገኛል? ሰውየው ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ሲለካ ቁጥሩ የሚታመን ነበር። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ግን ፀሐይ በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ታርፋለች። መሣሪያው ወይ ስህተት ያሳያል፣ ወይ ጭራሽ ጥይት ያለፈበት አይመስለውም፣ ወይ ደግሞ የማይሆን ቁጥር ይሰጣል። እንደ ካልድዌል ያሉት መለኪያዎች ለዚህ ብለው በሽቦ የሚቆም ነጭ መጋረጃ ይዘው ይመጣሉ። የሱ መጋረጃ በነፋስ ሲወድቅበት ስስ ነጭ ፕላስቲክ ከላይ ወጥሮ ሠርቶበታል። ሰማያዊ ሸራ ሥር ሲሞክር ግን ብርሃኑ በጣም ስለቀነሰ አልሆነለትም። ሌላም ማስጠንቀቂያ አለው። ለመሣሪያው አዲስ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚመታው ሽቦውን፣ ቀጥሎ ራሱን መለኪያውን ነው። ስለዚህ ጠመንጃው በአሸዋ ከረጢት ላይ ሳይደገፍ መተኮስ የለበትም።

5ኛው ከዚህ ተነስቶ የማታውን ነገር አነሳ። ልጁ የሚሠራው ማታ ስለሆነ በመብራት ልለካ ማለቱ አይቀርም። የቤት መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ብዙ አምፖል፣ በተለይ ሸምበቆ መብራትና ርካሽ ኤልኢዲ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል ይፈዛል። ለዓይናችን አይታወቀንም። ሴንሰሩ ግን ያንን መፍዘዝ የጥይት ጥላ አድርጎ ይወስደዋል። ክፍት መለኪያ ያለው ሰው በማታ መለካት ካለበት ከባትሪ የሚሠራ የመኪና አምፖል ከነጭ ፕላስቲኩ በላይ እንዲያበራ መከረ። በጣም ጥሩ ምክር ነው። 6ኛው አመስግኖ ወጣ።

7ኛው ምላሽ ላይ ልጁ የሚፈልገው ነገር ተገኘ። ጸሐፊው ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነው። ችግሩ የሰማይ ብርሃን ከሆነ የራሱን ብርሃን ይዞ የሚመጣ መለኪያ መግዛት ነው አለ። ቱቦዎቹ እንደዚያ ናቸው። በውስጣቸው ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን አለ። ጥይቱ ጨረሩን ሲያቋርጥ ሰዓቱ ይነሳል፣ ሁለተኛውን ሲያቋርጥ ይቆማል። ቀን ማታ፣ ደጅ ቤት፣ ለነሱ አንድ ነው። ኢ9800-ኤክስ የሚባለውን የቻይና መለኪያ፣ ኤክስኮርቴክ ኤክስ3200ን እና ኤስቴክ ኤሲ6000ን ጠራ። ዋጋቸው እንደ ሻጩ ቢለያይም የጋርሚኑን ራዳር ሲሶ እንኳ አይደርስም።

ማስጠንቀቂያውም እኩል ይረዝማል። አንዳንዱ ቱቦ አፈሙዝ ላይ ይታሰራል። የሞላ ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይነቃነቃል፤ የታሰረው ነገር ቀስ በቀስ ይጣመማል። ከተጣመመ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ጥይት ግድግዳውን ይመታል። ስለዚህ ለሞላ ጠመንጃ ቱቦውን ጠረጴዛ ላይ በጥብቅ አስቀምጦ፣ አፈሙዙን አንድ ክንድ ያህል ከኋላው አርቆ መተኮስ ይሻላል። ከአፈሙዙ የሚወጣው አየር ሴንሰሩን ቀድሞ እንዳይቀሰቅስም ይረዳል። ማዘንበልን በተመለከተ ሒሳቡን አሳየ። 5 ዲግሪ ቢያዘነብል ስህተቱ ግማሽ በመቶ አይሞላም። 10 ዲግሪ ላይ ወደ 1.5 በመቶ ይደርሳል። እንግዲህ በማዘንበል የሚጎዳው ከቁጥሩ ይልቅ ቱቦው ነው።

እስከዚህ ድረስ ሰው ሁሉ ይከባበር ነበር። 8ኛው ሲመጣ ነገሩ ተበላሸ። ይህ ሰው መለኪያ ራሱ ትርፍ ወጪ ነው ባይ ነው። የጠመንጃው ካርቶን ላይ ፍጥነቱ ተጽፏል፤ 1,000 ይላል፤ ምን መለካት ያስፈልጋል አለ። መለኪያ መግዛት የፈረንጅ ቅንጦት እንደሆነም አከለበት።

9ኛው ያለ ርኅራኄ መለሰለት። ካርቶኑ ላይ ያለው 1,000 በሜትር አይደለም፣ በጫማ ነው። ወደ ሜትር ሲቀየር 305 ገደማ በሰከንድ ይሆናል። እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ በጣም ቀላል በሆነ፣ እርሳስ ባልሆነ ጥይት የተገኘ ቁጥር ነው። ኢላማ ላይ የምንተኩሰው የእርሳስ ጥይት ከዚያ ይከብዳል፣ ስለዚህ ይዘገያል። ካርቶኑ ስለ አዲስ ጠመንጃ ይናገራል እንጂ ዓመታት ስለሠራ ሞላ አይናገርም። የሳይንስ ክፍል ተኝቶ ያለፈ ሰው ምክር ባይሰጥ እንደሚሻልም ጨመረ። ይህን የመጨረሻውን ባይጽፈው እወድ ነበር። የተናገረው ግን ሁሉ ትክክል ነው። ደግሞም መለኪያ ሲገዛ ማሳያው በሜትር ይሁን በጫማ መጀመሪያ ማየት ግዴታ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚምታታው እዚያ ላይ ነው።

10ኛው ምላሽ የ8ኛው ሰው ነው። ተቀይሟል። ስለ ጫማና ሜትር አንድ ቃል ሳይመልስ ስለ ስድብ ብቻ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አልታየም።

11ኛው ነገሩን አበረደ። ፍጥነት ብቻውን ሙሉ ነገር አይነግርም፣ ኃይሉን ለማወቅ የጥይቱ ክብደት ያስፈልጋል አለ። የግራሙን ክብደት በፍጥነቱ ስኩዌር አባዝቶ ለ2,000 ማካፈል ነው፤ መልሱ በጁል ይወጣል። ክብደቱን ለማወቅ ውድ ሚዛን አያስፈልግም። 20 ጥይት በወረቀት ጠቅልሎ ወርቅ ቤት ወስዶ በአንድ ላይ ማስመዘን፣ የወረቀቱን ቀንሶ ለ20 ማካፈል ነው። 20ው 10.9 ግራም ከመዘኑ አንዷ 0.545 ግራም ናት። በሰከንድ 175 ሜትር ከሄደች 8.3 ጁል ይዛ ትወጣለች። ለማወዳደሪያ እንዲሆን የውጭውን ሕግ ጠቀሰ። ጀርመን ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዝ የአየር ጠመንጃ ገደቡ 7.5 ጁል ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ 16.3 ጁል ገደማ ነው። እነዚህ አገሮች ገደብ ያበጁት ያለ ምክንያት አይደለም።

12ኛው ምላሽ ከሐረር ነው። ጸሐፊዋ የፊዚክስ መምህርት ናት። መለኪያው እስኪገዛ ድረስ ስልክ እንደሚበቃ ጻፈች። ዘዴዋ በጣም አስደስቶኛል። ከአፈሙዙ እስከ ኢላማው 10 ሜትር በሜትር ይለካል። ስልኩ ድምፅ እየቀዳ ልክ መካከል ላይ፣ ከተኩሱ መስመር በደንብ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ይቀመጣል። ስልኩ ከአፈሙዙም ከኢላማውም እኩል ይርቃልና ሁለቱም ድምፆች እኩል ዘግይተው ይደርሱታል። ስለዚህ የድምፅን ፍጥነት ማሰብ አያስፈልግም። በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለው ጊዜ ጥይቱ 10 ሜትሩን የሄደበት ጊዜ ነው። ቅጂውን ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከፍቶ ክፍተቱን መለካት ነው። 57 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ ፍጥነቱ 175 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው። ስልኩ ሰከንዷን ወደ 44,000 ቦታ ይከፍላታል፤ ስለዚህ ጊዜው በቂ ጥራት አለው።

13ኛው ይህን አድንቆ ሦስት ነገር አረመ። አንደኛ፣ የሚገኘው የ10 ሜትሩ አማካይ ፍጥነት ነው። ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ ከዚያ ይበልጣል፤ አየር እየገታው ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ አጠገብ የቆርቆሮ አጥር ካለ የገደል ማሚቶው ሦስተኛ ድምፅ ይፈጥርና ያሳስታል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። የሞላ ጠመንጃ ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት ሞላውና ፒስተኑ ይንቀሳቀሳሉ፣ ድምፅም ያወጣሉ። ያንን የመጀመሪያ ኳኳታ የተኩስ ድምፅ ነው ብሎ የወሰደ ሰው ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይሳሳታል። ከ57 ላይ 5 ሚሊ ሰከንድ መሳሳት ቀላል አይደለም።

መምህርቷ በ14ኛው እርማቱን በደስታ ተቀበለች። ድምፅ ለማያምን ደግሞ ሌላ መንገድ ሰጠች። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1742 ያስተዋወቀው የሚወዛወዝ ሳጥን ነው። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን፣ ጭቃ የተጠቀጠቀበት ሳጥን በአንድ ሜትር ገመድ ይንጠለጠላል። ጥይቱ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ሳጥኑ ወደ ኋላ ይወዛወዛል። በሰከንድ 175 ሜትር የሚሄድ 0.55 ግራም ጥይት ሳጥኑን 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይገፋዋል። ይህ በማስመሪያ የሚታይ ነው። ያን ጊዜ የመድፍና የጠመንጃ ጥይት ፍጥነት የታወቀው በዚህ መንገድ ነበር። ሁለት ጠመንጃ ለማወዳደር ሒሳብ እንኳ አያስፈልግም። የትኛው ሳጥኑን አርቆ እንደገፋው ማየት ይበቃል። ሳጥኑ እንዳይዞር ግን በአራት ገመድ ማንጠልጠል ነው።

ከ15 እስከ 19 ያሉት ከመንገድ ወጡ። 15ኛው በአቦ ጀምሮ ለካችሁ አልለካችሁ ሐረር ላይ ጥይት ይርቃል አለ። ሐረር 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፤ ደንገጎን የወጣ ሰው በጆሮው ያውቀዋል። ከፍ ሲባል አየሩ ይሳሳል፣ ጥይቱን የሚገታው ነገር ይቀንሳል። 16ኛው ድሬ ሞቃት ስለሆነች የድሬም አየር ስስ ነው ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም እውነት አላቸው። 17ኛው ሌላ ነገር አስታወሰ። የሞላ ጠመንጃ የሚጨምቀው እዚያው ያለውን አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ከአፈሙዙ የሚወጣበት ፍጥነትም ትንሽ ይቀንሳል። ስለዚህ አንዱ ሌላውን በከፊል ያጣፋዋል። ድሬ የተለካን ቁጥር ሐረር ከተለካ ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም የሚለው ማጠቃለያው ትክክል ነው። 18ኛውና 19ኛው ግን የጀጎል ባጊያ ይሻላል የመጋላው ወደሚለው ገቡና ከአየሩ ጋር ያለው ነገር ተቆረጠ።

20ኛው ራሱ ጠያቂው ነው። በ1ኛው ምላሽ ላይ የጻፈው የከዚራው ሰው ቱቦ መለኪያ ስላለው አውሶታል። ውጤቱን ይዞ መጣ። ጥይቱን ወርቅ ቤት አስመዝኗል፤ 0.545 ግራም ነው። የደከመው ጠመንጃ 120 ሜትር በሰከንድ አካባቢ ይተኩሳል፤ ቁጥሮቹ ይቀራረባሉ። የተጠገነው ግን አንዴ 246፣ አንዴ 205፣ አንዴ 231 ይላል። ጭሱም አለ። ልጁ በ246ቱ ተደስቷል። ጠመንጃው ወጣት ሆነ ብሎ ነው ያሰበው።

ውይይቱ ሁሉ ባይነበብ እንኳ ይህ ክፍል እንዲነበብ እፈልጋለሁ። 21ኛውን ምላሽ የጻፉት ለገሃሬ አካባቢ ጋራዥ ያላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ልጄ እያሉ ቀስ ብለው ነው የጻፉት። 246 የጤና ቁጥር እንዳልሆነ ነገሩት። ሞላውን የቀየረው ሰው ዘይት አብዝቷል። ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቀው አየሩ በጣም ይግላል፤ ዘይቱ ያለ እሳት ይቀጣጠላል። የናፍጣ ሞተር የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ጭሱ ከዚያ ነው፣ የጨመረው ድምፅም ከዚያ ነው። የሚቃጠለው ዘይት በየተኩሱ ስለሚለያይ ፍጥነቱም ይለያያል። በ0.545 ግራም ጥይት 246 ሜትር ማለት 16.5 ጁል ገደማ ነው፤ በ120ው ጊዜ ግን 4 ጁል አይሞላም። አንድ ጠረጴዛ ላይ ከአራት እጥፍ በላይ የሚለያዩ ሁለት ጠመንጃዎች ተቀምጠዋል ማለት ነው። ለደከመው የተሠራ መከታ ለሌላው አይበቃም።

መፍትሔውንም ሰጡ። ማቃጠሉ ከቀጠለ ጓርኒሲዮኑ (አየር እንዳያመልጥ የሚይዘው ማሸጊያ) ይበላሻል፣ ሞላውም ይሰበራል። ጠመንጃው ተፈትቶ የመጭመቂያው ክፍል ከዘይት ይጽዳ። የሞተር ዘይት፣ የስፌት መኪና ዘይት፣ ዝገት ማላቀቂያ፣ ናፍጣ፣ ከነዚህ አንዱም ፒስተኑ ፊት አይግባ። ሞላው ላይ ስስ ግሪስ ይበቃዋል። የደከመው ደግሞ ጓርኒሲዮኑ አልቆ ይሆናልና ይታይ። እስከዚያ የሚያጨሰው ጠመንጃ ደንበኛ እጅ ላይ እንዳይገባ አጥብቀው ተናገሩ።

ይህን ያህል ደግነት ከታየ በኋላ 22ኛው ክስ ይዞ መጣ። ኢላማ አስተኳሾች ሆን ብለው ማነጣጠሪያ ያጣምማሉ፣ ደካማ ጠመንጃ ለደንበኛ ይሰጣሉ፤ መለኪያው የተፈለገው ማታለሉን ለማስተካከል ነው አለ። ጠያቂው በ23ኛው በቁጣ መለሰ። ማታለል የሚፈልግ ሰው ቁጥሩን በአደባባይ አያወጣም አለ። እዚህ ላይ ከልጁ ጋር ነኝ። የ22ኛው ቅሬታ መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም፤ ማነጣጠሪያው የተጣመመ ጠመንጃ ያልገጠመው የድሬ ልጅ ጥቂት ነው። ግን በቁጥር የታወቀ ጠመንጃ ለደንበኛውም መብት ነው። ሁለቱ ጠመንጃዎች እኩል ከተኮሱ ማንም ተበደልኩ አይልም።

24ኛው ሁለቱን ትቶ ስለ ሕፃናቱ ጻፈ። እናት ናት። መለኪያ የሚሞከረው መንገድ ዳር መሆን የለበትም አለች። ከኋላ መከታ፣ ከጎን ማንም የማያልፍበት ቦታ፣ ለተኳሹም ለሚያየውም መነጽር ያስፈልጋል። ድንጋይና ወፍራም ብረት ጥይት ይመልሳሉ፤ ጨርቅ ወይም አሮጌ ወረቀት የተጠቀጠቀበት ሣጥን ይዞ ያስቀረዋል። የብረት ክብ ጥይት ከእርሳሱ የበለጠ ስለሚነጥር ለኢላማ ቤት አይሆንም። እርሳስ የነካ እጅም ሳይታጠብ ሳምቡሳ አይያዝበትም። ጥይት አፉ ውስጥ ይዞ የሚያጎርስ አስተኳሽ እኔም አይቻለሁ። እርሳስ መርዝ ነው። ይህ ልማድ ዛሬውኑ መቅረት አለበት።

25ኛው የሕግ ነገር ነካ። ጠመንጃን የሚመለከት ጥያቄ ያለው ሰው ከመግዛቱም ከማስመጣቱም በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ፣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መኖሩን አይርሳ አለ። 26ኛው ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ መለኪያ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀ። 7ኛው መልሶ ታይዋን ስልክና ቴሌቪዥን እንጂ እንዲህ ያለ ነገር እንዳላየ፣ ከውጭ በሚመጣ ሰው ማስላክ እንደሚሻል ጻፈ። ያ 27ኛው ነው።

ጠያቂው በ28ኛው ምርጫውን አስታወቀ። የራሱ ኢንፍራሬድ ብርሃን ያለውን የጠረጴዛ ቱቦ አዘዘ። ክፍቱን የተወው በፀሐዩ ምክንያት ነው፣ ራዳሩን በዋጋው። ጥሩ ምርጫ ነው። ለድሬ ብርሃንና ለማታ ሥራ ከዚህ የሚሻል በዚህ ዋጋ የለም። አምስትና ስድስት ሜትር ቢሳሳት እንኳ ጉዳት የለውም። ሁለቱን ጠመንጃዎች በአንድ መለኪያ፣ በአንድ ጥይት፣ በአንድ ቦታ እስከለካ ድረስ ልዩነቱ በትክክል ይታየዋል። ዋናው ሥራው ማወዳደር ነውና።

መለኪያው ሲደርሰው በ29ኛው ተመለሰ። የሚያጨሰው ጠመንጃ ተፈትቶ ጸድቷል። አሁን ከ195 እስከ 201 ይተኩሳል፤ ወደ 10.7 ጁል ነው። ጭስ የለም። የደከመው ጓርኒሲዮን ተቀይሮለት ወደ 168 ወጥቷል። መምህርቷ በ30ኛው ሁለተኛው 7.7 ጁል እንደሆነ አስልታ ሰጠችው፤ በስልኩ ዘዴም ለክቶ ልዩነቱን እንዲነግራት ጠየቀች። የጋራዡ አባት በ31ኛው መከታው ለጠንካራው ጠመንጃ እንዲሠራ፣ ለደካማው እንዳይሠራ አሳሰቡት።

32ኛው 8ኛው ሰው ነው። በትሕትና ነው የመጣው። ሐረር ያለ ዘመዱ በፓምፕ የሚሞላ፣ አየር በጋን የሚይዝ ጠመንጃ አለው፤ ቱቦው ለዚያም ይሆን እንደሆነ ጠየቀ። 9ኛው ይኼኔ በደንብ መለሰለት። ለዚያ ጠመንጃ መለኪያው የበለጠ ይጠቅማል። ጋኑ ሞልቶ ይጀመር፤ እያንዳንዱ ተኩስ ይጻፍ። ፍጥነቱ ለተወሰነ ተኩስ ተቀራራቢ ሆኖ ይቆይና ከዚያ ቁልቁል መውረድ ይጀምራል። መውረድ የጀመረበት ተኩስ ላይ የጋኑን ግፊት አንብቦ መያዝ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እዚያ ግፊት ላይ ሲደርስ ፓምፑን ማንሳት ነው።